አውጫጭኝና የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተፈጠረ ነው እያሉ የሚንቁት ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም፤ «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ በጎንደርና በሰሜን ደጋዎች ከልብ ወለድ አስቀድሞ በአውጫጭኝ ጉባኤ ሲጠየቅ የኖረ ነውና።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ዐሥር ሰዎችን በአንዲት ገለልተኛ ደሴት ላይ ትሰበስባለች። ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣ ድምፅ እያንዳንዳቸውን በሰው ሞት ይከሳቸዋል፤ ማዕበሉ መውጫ ይነሣቸዋል፤ አንድ በአንድም ያልቃሉ። ገዳዩን እዚህ ገልጠን የአንባቢያችንን ደስታ አናጠፋም። የደራሲዋ ብልሃት ምልክቱን ሁሉ ከፊታችን አስቀምጣ ሳናስተውለው እንድናልፍ ማድረጓ ነው። ጉድለቷ ደግሞ ለሟቾቹ ከልቡ የሚያለቅስ አለመኖሩ ነው፤ የሰው ሕይወት እንደ ገበጣ ጠጠር ይቆጠራል።

በአገራችን ባለቤቱ ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ጉባኤተኛው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እየማለ ይጠየቃል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ መበተን አይፈቀድም፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም ጉዳቱን አገሬው በኅብረት ይክሳል። የደጋው መንደር ለዚያ ሰሞን ደሴት ሆነ ማለት ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ ሰውም ደመኛ እንዳይገዛ «ወፍ ነገረኝ» በሚል ሽፋን ይናገር ነበር።

እነሆ፣ በሁለቱም ስፍራ ባለቤት የሌለው ድምፅ ይከሳል። ነገር ግን የሸክላው ድምፅ ለማስፈራራት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የወፉ ድምፅ እውነተኛውን ምስክር ከበቀል ይጋርዳል፤ የጠላትንም ሐሜት ሊሸከም ይችላል። ንጹሕ ሰው የሚድነው ወይም የሚጠፋው በዚህ መካከል ነው። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ጭብጥ ይገኛል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ። በአማርኛም እንደ ይልማ ሀብተየስ ያሉ ደራስያን የምርመራ ልብ ወለድን ለአንባቢ አስለምደዋል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ሆኖም መርማሪ ሁሉ የከተማ ሰው መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ከጎርጎራ ወደ ደቡብ የተዘረጋው የጣና ሐይቅ ደቅን የመሰለ ሰፊ ደሴት፣ የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈባትን ዳጋ እስጢፋኖስንም ይዟል። በደንገል ታንኳ የሚደረስበት መንደር፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ኑሮ፣ ለእንዲህ ያለ ታሪክ የተመቸ ነው።

ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ግን አንድ ነገር እንዲያስብ እንመክራለን። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ገዳዩ ሲታወቅ ታሪኩ ያበቃል። በእኛ ዘንድ ግን የወንጀለኛው ስም ከተጠራ በኋላ ደም መላሽ፣ ካሳና እርቅ ይከተላሉ፤ የከሳሽና የተከሳሽ ልጆችም ከአንድ ምንጭ ውሃ መቅዳታቸው አይቀርም። ያን ማግስት የሚያሳየን መጽሐፍ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተጻፈ ነው የሚለው አይኖርም።