«ወታደሮቹ ከዱ» የሚለው ማብራሪያ ምን ይጎድለዋል?

ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚያስረዳ አጭር ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ነጭ የደም ሴሎች ወታደር ናቸው፤ አንድ ቀን ተሳስተው የገዛ አገራቸውን፣ ማለትም መገጣጠሚያን፣ መውጋት ይጀምራሉ። ጣት ያብጣል፣ ጠዋት ጠዋት እጅ አልታጠፍ ይላል። አለቀ።

ቆይ ግን፣ ማን ማንን አዘዘ? ለምንስ አይበርድም? ምሳሌው እዚህ ጋ ዝም ይላል። ጭራሽ ውሸት ነው አልልም፤ በብዙ ታማሚዎች ደም ውስጥ የራስን ፕሮቲን የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ፣ አንዳንዴም ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት። ችግሩ ሴሎቹን ተኳሽ ብቻ ማድረጉ ነው። ትልቁ ሥራቸው መልእክት መለዋወጥ ነው።

ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ የሚታየኝ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይክራፎን ስፒከር አጠገብ ሲደርስ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ድምፁ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። በመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋንም ቲ ሴሎች ማክሮፌጆችን ይቀሰቅሳሉ፤ ማክሮፌጆቹ ቲ.ኤን.ኤፍ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ እሱም ኢንተርሉኪን-1 እና ኢንተርሉኪን-6 እንዲመረቱ ይገፋፋል፣ ሌሎች ሴሎችንም ከደም ይጠራል። ካርቲሌጁን ከሚቦረቡሩት ዋነኞቹ ፋይብሮብላስቶች ደግሞ «ወታደር» እንኳ አይደሉም፤ የሽፋኑ ነባር ነዋሪዎች ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መልእክተኞቹ ብዙ ስለሆኑ አንዱን ማገድ ዋጋ የለውም የሚል ጥርጣሬ ነበር። ለንደን ውስጥ የማርክ ፌልድማን እና የራቪንደር ማይኒ ቡድን ግን ከታማሚዎች መገጣጠሚያ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ቲ.ኤን.ኤፍን ሲያግድ ኢንተርሉኪን-1ም አብሮ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ፤ በ1992 የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ቲ.ኤን.ኤፍን በሚያግድ መድኃኒት ታከሙ። የወታደሩን ታሪክ ብቻ ይዛችሁ ይህን ሙከራ ታስቡት ነበር?

ሌላም አለ። ቲ.ኤን.ኤፍ የቲቢ ባክቴሪያን ከብበው የያዙ ሴሎች እንዳይበተኑ ይረዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በተስፋፋበት አገር ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። መገጣጠሚያ ላይ «ከሃዲ» የተባለው ሳንባ ውስጥ ዘብ ቆሟል።

የእኔም ምሳሌ ቀዳዳ አለው፦ የመጀመሪያውን ድምፅ ማን እንዳሰማ አይናገርም። ቲ.ኤን.ኤፍ ታግዶላቸው የማይሻላቸው ታማሚዎችም አሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ስፒከር አንድ ብቻ አይመስለኝም።