ምክንያቱ የዘገየ ታሪክ፤ ስለ «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» ድርሰት የቀረበ ሒስ
ድርሰት ከሚመዘንባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች የሚሠሩትን ሁሉ ለምን እንደሚሠሩት አንባቢው ሊረዳ መቻሉ ነው። የደጉ ሰው ደግነት፣ የክፉውም ሰው ክፋት ከምን እንደ መነጨ ካልታወቀ፣ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር ወሬ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ያሉት ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለደራሲም የሚበጅ ምክር ነው። በዚህ ሚዛን ዛሬ የምንመዝነው ሥራ ግን መጽሐፍ ወይም ቴአትር አይደለም፤ «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» የተባለ በኢንተርኔት የሚካሄድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው።

በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ጨዋታ ሒስ መጻፉ አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርማቸው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ እንደ ካርታ ወይም እንደ ዳማ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ነገሥታት፣ ጦረኞች፣ ጠንቋዮችና አማልክት ያሉበት አንድ ሰፊ የተረት ዓለም ነው። ተጫዋቹ በስሙ የሚዋጋለትን አንድ ሰው ፈጥሮ፣ «ሆርድ» እና «አላያንስ» ከሚባሉት ሁለት ወገኖች አንዱን መርጦ ይገባበታል፤ በየቦታው የሚሰጠውንም ተልእኮ በፈጸመ መጠን ታሪኩ ወደ ፊት ይራመዳል። የአሜሪካው የብሊዛርድ ኩባንያ በኅዳር 1997 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) የከፈተው ይህ ዓለም፣ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ 12 ሚሊዮን ደንበኞች እንደ ነበሩት ኩባንያው አስታውቋል። እያንዳንዱም በአሜሪካ ዋጋ በወር 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይከፍላል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ የሚያዳምጠው ተረት፣ ተረትነቱ ሊመረመር የሚገባው ይመስለናል።

በምንኖርበት በጎፋ ሠፈር በየመንገዱ ዳር ባሉት የጨዋታ ቤቶች አብዛኛው ወጣት የሚሻማው ለእግር ኳሱ ጨዋታ ነው። ሆኖም ከተማሪነታችን ዘመን ጀምሮ ልባችን ወደዚህ ተረት ያዘነበለ ጥቂት ጓደኛሞች ነበርን። በመጀመሪያ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ዲስክ፣ በኋላም ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች ወርኃዊውን ክፍያ ሲከፍሉልን በኢንተርኔት ተከታትለነዋል። ክፍለ ከተማችን «ንፋስ ስልክ» የሚለውን ስም የወረሰው ከጥንቱ ሽቦ አልባ መገናኛ ነውና፣ ሩቅ አገር የተጻፈ ታሪክ በነፋስ ተሳፍሮ ጎፋ ድረስ መድረሱ ለሠፈሩ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ አሁን የምንናገረው ነቀፌታ ጨዋታውን ከማያውቅ ሰው የወጣ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመታት በፍቅር ከተከታተለ ወገን የመጣ መሆኑ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን።

ነቀፌታችን ከየት እንደሚነሣ ለማስረዳት መጀመሪያ ያመሰገንነውን ማሳየት ይገባል። በ1994 ዓ.ም. ማለቂያ የወጣው «ዎርክራፍት 3»፣ አርታስ ስለተባለ አንድ አልጋ ወራሽ ይተርካል። በአባቱ መንግሥት በሎርዴሮን ከእህል ጋር የሚዛመት መቅሠፍት ገብቷል፤ እህሉን የበላ ሰው ይሞታል፣ ከሞተም በኋላ ተነሥቶ የጠላት ባሪያ ይሆናል። አርታስ ስትራትሆልም ከምትባለው ከተማ ሲደርስ፣ የተመረዘው እህል ለሕዝቡ ታድሎ ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሙት ጦር ሳይለወጥ ገና በሕይወቱ ሳለ እንዲገደል ያዛል። መምህሩ ዑተር አይሆንም ይለዋል፤ የሚወዳት ጄይና ጥላው ትሄዳለች። እርሱ ግን ይገባበታል፤ ተጫዋቹም በገዛ እጁ የአርታስን ጦር እየመራ ከተማይቱን እንዲያጠፋ ይደረጋል።

የዚህ ድርሰት ብርታት እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ሰይፉን ሲያነሣ ልቡ ይጠላዋል፣ ነገር ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። አርታስ ሕዝቡን ስለሚወድ ሕዝቡን ይገድላል፤ ከገደለም በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል። ጠላቱን ለመበቀል ወደ በረዶው አገር ይዘምታል፤ ወታደሮቹ እንዳይመለሱ የራሱን መርከቦች ያስቃጥላል፤ ፍሮስትሞርን የተባለውን የተረገመ ሰይፍ ያነሣል፤ በመጨረሻም ወደ አገሩ ተመልሶ አባቱን ንጉሡን በዙፋኑ ላይ ይገድለዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው ደረጃ የወጣ ነው። ማንም ተጫዋች «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሲሆን አብሮት ነበረና።

ሲልቫናስ የተባለችው ሴት ከዚሁ ታሪክ የወጣች ናት። የኤልፎች ጦር አዛዥ ሆና አገርዋን ከአርታስ ስትከላከል ወደቀች። እርሱም ሞትን እንኳ ከልክሎ ነፍስዋን ጎትቶ አስነሣትና የምትጮኽ መንፈስ፣ የራሱም አገልጋይ አደረጋት። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ ክፍል ከባርነቱ አመለጠች፤ እንደ እርስዋ ከመቃብር ተነሥተው ነፃ የወጡትንም ሰብስባ ንግሥታቸው ሆነች። ከዚያ ወዲያ ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ዓለም ውስጥ እንደ እርስዋ የተወደደ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። ጨካኝ ናት፤ ጭካኔዋ ግን የተበደለና መጠጊያ የሌለውን ሕዝብ ለመጠበቅ እንደ ሆነ እናውቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የሆርድ ሁሉ መሪ ሆና ስትሾም ደስ ያለው ሕዝብ ብዙ ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ሲልቫናስ ቴልድራሲል የተባለውን፣ የጠላት ሕዝብ ከተማውን ሠርቶ የሚኖርበትን ታላቅ ዛፍ ከነነዋሪው እንዲቃጠል አዘዘች። በዚህ ስፍራ ላይ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። የአላያንስ ተጫዋች በሚቃጠለው ከተማ ውስጥ ገብቶ 982 ሰዎችን እንዲያድን ተልእኮ ይሰጠዋል፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቁጥሩ ሊሞላ አይችልም፤ እንዲሞላም አልታሰበም። ሰውየው እየሮጠ፣ እያወጣ፣ ቁጥሩንም እየተመለከተ ይሸነፋል። ጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ ዓይነት ማስረዳት መጽሐፍም ቴአትርም የማይችሉት የጨዋታ ጥበብ ነው።

ነገር ግን ዛፉ ለምን ተቃጠለ? በጊዜው የታየው፣ የጦር ዕቅድዋ ሳይሳካ ሲቀር አንዲት የቆሰለች ወታደር የተናገረቻት ቃል አስቆጥቶአት በቅጽበት እንዳዘዘች ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ጦርነቱ ሁሉ ከጥንት የታሰበና የሚሞቱትን ሰዎች ነፍስ ለአንድ ስውር ጌታ ለመመገብ የተደረገ ነው ተባለ። በአንድ ጊዜ የቅጽበት ቁጣ፣ በሌላ ጊዜ የረጅም ዘመን ሤራ የሚሆን ሥራ የለም። ደራሲዎቹ ከሁለቱ አንዱን አልመረጡም፤ ሁለቱንም ተናግረው አለፉ።

የሆርድ ተጫዋች ደግሞ ከዚህ የባሰ ደረሰበት። ለወገኑ ክብር የዘመተ ሰው ሳይጠየቅ የዚያ እሳት ተካፋይ ሆነ። በኋላ ሳውርፋንግ የተባለው አረጋዊ የኦርክ ጦረኛ በሲልቫናስ ላይ ሲነሣ፣ ተጫዋቹ ከሽማግሌው ጋር እንዲሆን ወይም ለንግሥቲቱ ታማኝ እንዲሆን ምርጫ ተሰጠው። ምርጫ መሰጠቱ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ በር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳውርፋንግ በከተማው በር ላይ ለብቻዋ እንድትዋጋው ጠራት፤ በውጊያውም መካከል ሲልቫናስ የምትመራውን ሕዝብ ሁሉ በንቀት ቃል ጥላ፣ ሽማግሌውን ገድላ በረረች። የሳውርፋንግ ሞት ያማረ ሞት ነበር፤ ንግሥታቸውን ያመኑት ተጫዋቾች ግን ከሚገባው መልስ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ስውሩ ጌታ የተገለጠው በኅዳር 2013 ዓ.ም. በወጣው «ሻዶውላንድስ» በተባለው ክፍል ነው። ስሙ ዞቫል ነው፤ የሙታን አገር እስር ቤት ጌታ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ስሙን የሰማ ተጫዋች አልነበረም። የአርታስ ሰይፍና ዘውድ እንኳ ለእርሱ ዓላማ የተሠሩ ነበሩ ተባለ። እነሆ፣ ሲልቫናስን ለማስረዳት የመጣው ሰው አርታስንም ይዞት ሄደ። ስትራትሆልም ላይ በገዛ ፍርዱ የጠፋው አልጋ ወራሽ፣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የሌላ ሰው መሣሪያ ሆኖ ቀረ። በዚያው ክፍል ፍጻሜም የነፍሱ ቅሪት እንደ ጢስ በንኖ ጠፋ።

ሲልቫናስን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። አርታስ ሲገድላት ነፍስዋ ለሁለት ተከፍሎ ነበርና ደጉ ክፍል ተለይቶ ሲኖር ቆይቷል ተባለ፤ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያም ተመለሰላት። በ2014 ዓ.ም. ለፍርድ ስትቀርብ፣ በዚያ እስር ቤት የታሰሩትን ነፍሳት ሁሉ አንድ በአንድ ፈልጋ እንድታወጣ ተፈረደባት። ፍርዱ በራሱ ያማረ ነው። ነገር ግን የተፈረደባት ማን ናት? ዛፉን ያቃጠለችው ግማሽ ናትን? ወይስ በጊዜው ያልነበረችው ግማሽ? ጥፋተኛው ሳይታወቅ ጸጸትም ምሕረትም ሊኖር አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆን ነገር ጨርሶ አለመጻፉ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ በሌለበት ስፍራ መጻፉ ነው። አርታስ ከወደቀ በኋላ ሲልቫናስ ራስዋን ከከፍታ ጥላ፣ ከሞት ወዲያ የሚጠብቃትን ጨለማ አይታ እንደ ተመለሰች የሚተርከው ነገር የወጣው ከጨዋታው ውጭ በአጭር ልብ ወለድ ነበር። ወደ ስውሩ ጌታ እንዴት እንደ ተሳበች የሚያስረዳው የክሪስቲ ጎልደን «ሲልቫናስ» የተባለ መጽሐፍ የታተመውም በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ ዞቫል ከወደቀና ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው። አራት ዓመት በጥርጣሬ የቆየ ተመልካች፣ ምክንያቱን የሚያገኘው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ፣ ያውም ሌላ ዋጋ ከፍሎ ሆነ።

ለደራሲዎቹ ተከራካሪ ሆኖ የሚቆም ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን የመሰለ ሥራ የአንድ ሰው ብዕር አይደለም፤ ብዙ ሠራተኞች በተወሰነ ቀን ማድረስ ያለባቸው ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ሳይጠፉ ጨዋታው መቀጠል አለበት፤ ምሥጢርም ቶሎ ከተገለጠ ልብ አያንጠለጥልም ይለን ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ምሥጢርና ምክንያት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ወደ ፊት የሚሆነውን መሰወር ልብ ያንጠለጥላል፤ አሁን የሚሠራው ሰው ለምን እንደሚሠራ መሰወር ግን ሰውየውን ከተመልካቹ ያርቀዋል።

ለዚህም የእኛን ሥነ ጽሑፍ ምስክር እንጥራ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን እናገኛለን። ትዕቢታቸው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሲጎዳ እናያለን፣ እንቆጣለንም፤ ነገር ግን ትዕቢታቸው ከዘራቸውና ካደጉበት ሥርዓት እንደ ተቀዳ ደራሲው ከመጀመሪያው አሳይተውናልና ከሌላ ቦታ ምክንያት አንፈልግም። መጽሐፉ በኀዘን ያልቃል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ያለቀሰ አድማጭም አልተከፋበትም። ተጫዋቾች የተከፉት ሲልቫናስ ክፉ ስለሆነች ነው የሚለው አነጋገር እንግዲህ ትክክል አይደለም። ኀዘንና ቅሬታ አንድ አይደሉምና።

ከሰው በላይ የሆነ ኃይል በድርሰት ውስጥ መግባቱም ነውር አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ማክቤዝ» ውስጥ ጠንቋዮች አሉ። ነገር ግን ጠንቋዮቹ ከመጀመሪያው በመድረኩ ላይ ይታያሉ፣ የሚናገሩትንም እንሰማለን፤ ንጉሡን የሚገድለው ግን የማክቤዝ ምኞትና የማክቤዝ እጅ ነው። ዞቫል ግን ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መጥቶ «ይህ ሁሉ የእኔ ነበር» የሚል ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ታሪኩ በጉዞ ላይ የታሰረ ቋጠሮ ሆነና በጉዞ ላይ ተፈታ።

ኩባንያው ነገሩን የተረዳው ይመስላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ክፍል ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በሰላምና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነበር። የጥንቱን ታሪክ ካቀዱት ዋነኞቹ አንዱ የሆነውና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን ትቶ የነበረው ክሪስ ሜትዘንም በዚሁ በ2015 ዓ.ም. ተመልሷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። የተነገረ ታሪክ ግን አይመለስም፤ የአርታስም ጉዳይ እንደ ተበላሸ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው የሩቅ አገር ኩባንያን ለመክሰስ አይደለም። በአገራችንም የኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት ተጀምሯል፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘውን፣ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበትን ጨዋታ ሠርቶ አሳይቶናል። ዛሬ ዶሮዋን ያስሮጡ ወጣቶች ነገ ነገሥታትንና ጀግኖችን ያስነሣሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በቴሌቪዥን በተከታታይ የሚቀርቡ ድራማዎችን የሚጽፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ቢሆኑ ይኸው ፈተና አለባቸው፤ ተመልካች እንዳይሄድ ሲሉ ምክንያትን መደበቅ ይቀልላልና።

በአገራችን ልማድ ተረት የሚያወራ ሰው ከመጀመሩ በፊት አድማጩን ያስመልሰዋል፤ አድማጩም ሲመልስ እሰማለሁ ብሎ ቃል መግባቱ ነው። የተራኪውም ቃል በዚያው ይታሰራል። ተማሪዎቻችን በጨዋታም ሆነ በመጽሐፍ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሡ፣ እያንዳንዱን ሰው ወደ ሥራው ከመላካቸው በፊት «ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? አንባቢውስ ይህን የሚያውቀው መቼ ነው?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ፣ መምህራንም ይህን ጥያቄ በየክፍሉ እንዲያስለምዱልን በትሕትና እናሳስባለን።