በጋሞ ምድር ስለሚተከሉ የመስክ መዝጋቢዎችና ስለ መገናኛ መረባቸው የቀረበ ሒስ

የዝናብን መጠን ፣ የወንዝን ከፍታና የአየርን ሙቀት ሰው ሳይጠብቀው በየደቂቃው እየለካ የሚይዘው መሣሪያ በተለምዶ «ዳታ ሎገር» ይባላል ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «መዝጋቢ» እንለዋለን። መዝጋቢ ሲገዛ ስለ ጥራቱና ስለ ዋጋው ብዙ ይነገራል። ከመዝጋቢው እስከ አንባቢው ያለው መንገድ ግን እንደ ትንሽ ጉዳይ ተቈጥሮ በመትከያው ቀን ለቴክኒሻኑ ይተዋል። ልንመረምረው የተነሣነው ይህን መንገድ ነው። ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን የመጨረሻውን ቃል እንናገራለን አንልም ፤ ነገር ግን በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያየነውንና ያሰላነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ እንመልከት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ የተቀመጠች ቆላ ናት። ከርሷ በስተ ሰሜን በመኪና መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የሚደረስባት ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በጉም ተሸፍና የምትውል ደጋ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ፣ አየሩ በየሺሑ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል በሚለው የተለመደ ስሌት ብንሄድ ፣ የሙቀቱ ልዩነት ወደ 9 ዲግሪ ይደርሳል። ዝናቡም እንዲሁ ነው። አርባ ምንጭ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ ጨንቻ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ታገኛለች። ደጋ ላይ የዘነበው ውኃ በኩልፎና በሐሬ ወንዞች ወርዶ ቆላ ያለውን የሙዝ እርሻ ያጠጣል ፤ ሲበዛም ያጥለቀልቃል። እንግዲህ ከታች ያለው ገበሬ ማወቅ የሚሻው በራሱ ማሳ ላይ የዘነበውን አይደለም ፤ ከላይ በማያየው ስፍራ የዘነበውን ነው።

ከዚህ ተነሥተን በዘመናችን ስመ ጥር የሆነውን አንድ ዕቅድ እንመርምር። በኔዘርላንድ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የጀመሩት «ታህሞ» የተባለው ሥራ ፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት አንዳንድ እያደረገ 20,000 ያህል የአየር ጠባይ ጣቢያዎችን የመትከል ዓላማ ይዞ የተነሣ ነው። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ብዙ አለ። ጣቢያዎቹ በትምህርት ቤት ግቢ እንዲተከሉ መደረጉ መሣሪያውን ጠባቂ ልጁንም ተማሪ ያደርገዋል። ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው መለኪያ መመረጡ ብልሽትን ይቀንሳል። ልኩም በሞባይል ስልክ መስመር መላኩ ሬዲዮ ለማቆም የሚወጣውን ወጪ ያስቀራል።

ይሁን እንጂ የ30 ኪሎ ሜትሩ ልክ ለሜዳ አገር የተቈረጠ ልብስ ነው ፤ ለጋሞ አይሰፋም። አርባ ምንጭና ጨንቻ በቀጥታ መስመር ሲለኩ ርቀታቸው ከ30 ኪሎ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ ፣ በዚህ ልክ አንድ ጣቢያ ለሁለቱ ይበቃል ማለት ነው። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ደግሞ ወይ የሚዘንብበትን ፣ ወይ የሚጥለቀለቀውን መተው ነው። ስለዚህ በተራራማ አገር ጣቢያ መከፋፈል ያለበት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታና በወንዝ ተፋሰስ ነው እንላለን። ይህ አስተያየት ዕቅዱን ለማንቋሸሽ የቀረበ አይደለም ፤ ካርታ ላይ የተሠመረ አራት ማዕዘን ገደልን እንደማያውቅ ለማሳሰብ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የመልእክቱ መስመር ነው። ጣቢያ ተካዩ ሁለት ዐይነት ምርጫ አለው። አንደኛው በየመዝጋቢው ውስጥ ሲም ካርድና ሞደም አስገብቶ በቴሌ አንቴና መላክ ነው። ይህ አንቴናው በሚደርስበት ሁሉ ቀላል ነው ፤ በሸለቆ ውስጥ ግን ስልኩ የሚሠራው ሰው ኮረብታ ወጥቶ ሲይዘው ነው ፤ መዝጋቢ ደግሞ ኮረብታ አይወጣም። ሁለተኛው «ሎራ» የተባለውን አነስተኛ ኀይል የሚወስድ ሬዲዮ በየመዝጋቢው አድርጎ ፣ የሁሉንም መልእክት የሚሰበስብ አንድ ተቀባይ ከፍ ባለ ስፍራ ማቆም ነው። በዶርዜ በኩል ያለው የተራራ አፋፍ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ስለሚያሳይ ፣ ማንም ያልሠራው የተፈጥሮ ማማ ነው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን «በዐይን ይታያል» ማለት «በሬዲዮ ይሰማል» ማለት አይደለም። በ868 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሰማ ፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ማዕበሉ የሚያልፍበት ቦታ ወደ 41 ሜትር የሚደርስ ራዲየስ አለው። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ማለት 25 ሜትር ያህሉ ከዛፍና ከጉብታ የጸዳ መሆን ይገባዋል። በበጋ የተሞከረ መስመር በዝናብ ወራት ቅጠል ሲለመልም የሚደክመው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ መስመር የሚፈተነው በመትከያው ቀን ብቻ ሳይሆን በዝናቡም ወራት መሆን አለበት።

ሦስተኛው የኀይል ጉዳይ ነው። ሞደሙ ሳይተኛ በአማካይ 50 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይፈጃል። ባትሪው የ7 አምፔር ሰዓት ቢሆንና ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም ፣ ፀሐይ በጉም በተሸፈነች ጊዜ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። ሞደሙ በየሰዓቱ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነቅቶ 100 ሚሊ አምፔር ቢወስድ ግን የቀኑ ፍጆታ 0.08 አምፔር ሰዓት ነው ፤ የመዝጋቢው የራሱ ፍጆታ ሳይቈጠር ያው ባትሪ ከ40 ቀን በላይ ይበቃዋል። እዚህ ላይ «ጎርፍ የሰዓት ቀጠሮ ይጠብቃልን?» የሚል ጠያቂ ቢነሣ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ሞደሙን ሌት ተቀን ማንቃት አይደለም ፤ ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መዝጋቢው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲልክ ማዘዝ ነው።

አራተኛው ስለ ሰዓት ነው ፤ ይህ በውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች የማይገኝ የራሳችን ችግር ነው። እንበልና ዶፍ ዝናብ ለሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወረደ። ይህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አፕሪል 28 ቀን 2024 ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራው መዝጋቢ ግን አፕሪል 27 ቀን 23 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል። ዘበኛው ደግሞ ገና አልነጋምና በደብተሩ «ሚያዝያ 19» ብሎ ቢያሰፍር አይፈረድበትም። አንድ ዝናብ እንግዲህ ብዙ ስም አገኘ። በዚህም ላይ የሜትሮሎጂ ተመልካች የዝናቡን ቀን የሚዘጋው ጠዋት በ3 ሰዓት ሲሆን ፣ በዓለም አቀፉ እኩለ ሌሊት የሚደምረው መዝጋቢ የሚዘጋው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ያለው የ6 ሰዓት ዝናብ ለአንዱ የዛሬ ፣ ለሌላው የነገ ይሆናል። ሁለቱን የዕለት ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ «መሣሪያው ተሳስቷል» የሚል ተማሪ ስሕተቱ ያለው ከመሣሪያው ላይ ላይሆን ይችላል። መዝጋቢው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሥራ ፤ በወረቀቱም ራስጌ የየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ይጻፍ።

አሁን በራሳችን ላይ ሒስ እናቅርብ። ለመስክ ሥራ ወጥተን ሳለ ስሙን ከማንጠቅሰው ከአንድ ጣቢያ መልእክት ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈው ነበር። ሁላችንም «ኔትወርክ የለም» ብለን ፈረድን። ሙሉ ቀን አንቴናውን ከግንድ ወደ ግንድ ስናዛውር ዋልን። በማግሥቱ ባትሪውን ስንለካው 12.6 ቮልት አለው ፤ ሞደሙ ሲነሣ ግን ከ11 በታች ይወርዳል። የባትሪው ጫፍ ዝጎ ኖሯል። እሱን ጠርገን ስናበቃም መልእክቱ አልሄደም ፤ የሲም ካርዱ ጥቅል ጊዜው አልፎበት ነበር ፤ ካርዱም የተመዘገበው ሥራውን ለቆ በሄደ ሰው ስም ነው። አንቴናው ግን ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚህ የተማርነው ብልሽት ሲፈለግ ከሩቁ ሳይሆን ከቅርቡ መጀመር እንደሚገባ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ሥራ ላይ ሳለ ይለካ ፤ ቀጥሎ የሴንሰሩ ሽቦ ይታይ። በተለይ «ኤስዲአይ 12» በተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ሴንሰሮች ሲሰኩ ሁለቱም ከፋብሪካ የመጡበትን የዜሮ አድራሻ ይዘው ከሆነ ፣ ሲጠሩ እኩል ስለሚመልሱ የአንዱም ቃል አይሰማም። ከዚያ ሲም ካርዱ በስልክ ላይ ይሞከር ፤ ከዚያ የሞገዱ ጥንካሬ ፤ በመጨረሻም ተቀባዩ ሰርቨር። በየደረጃው የተገኘውም በደብተር ይጻፍ ፤ ያልተጻፈ ሙከራ ሁለት ጊዜ ይደከምበታልና።

ደግነቱ የእነዚያ ሳምንታት ዝናብ አልጠፋም ነበር። መዝጋቢው በየ10 ደቂቃው 40 ባይት ቢጽፍ ዓመቱን ሙሉ ከሁለት ሚሊዮን ባይት ብዙም አይበልጥም ፤ ይህ ለዛሬ ማስታወሻ ካርድ ኢምንት ነው። ስለዚህ «ልኬአለሁና ልሰርዝ» የሚል መዝጋቢ ሊኖር አይገባም። ልኮም ይያዝ ፤ መስመሩ ሲመለስም የቀረውን ይላክ።

ሥራችንን ጨርሰን ስንነሣ ጣቢያውን የሚጠብቁት ሽማግሌ «ልጆቼ ፤ ይህ ዕቃ ያየውን ለማን ነው የሚነግረው?» ብለው ጠየቁን። ባሕር ማዶ ላለ ሰርቨር እንደሚነግር አስረዳናቸው። «ለኛስ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ይህ ጥያቄ የጽሑፋችን እምብርት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከነዚህም ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። አንድ መዝጋቢ ቢኖር ያድናቸው ነበር ብለን በድፍረት አንናገርም ፤ የመሬት መንሸራተት በዝናብ መጠን ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን በተራራ ሥር የሚኖር ሕዝብ ከራሱ በላይ የዘነበውን ከሁሉ በፊት ሊሰማ ይገባዋል ብንል የሚቃወመን ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ የመገናኛ መረብ የሚመዘነው በስንት ጣቢያ እንደ ተከለ ሳይሆን ልኩ በስንት ደቂቃ ለማን እንደ ደረሰ መሆን አለበት። ለሰርቨሩ የሚሄደው መልእክት አንድ ቅጅው ለቀበሌው ሊቀ መንበር ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ለጣቢያው ጠባቂ በአጭር የስልክ መልእክት ፣ አካባቢው በሚናገረው በጋሞኛም ጭምር ይድረስ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም ፤ የሚያስፈልገው የስልክ ቍጥሮችን ዝርዝር የሚያድስና የሲም ካርዱን ክፍያ የሚከታተል ፣ በስም የታወቀ አንድ ኀላፊ ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። የዶርዜ ሸማኔ ግን ድሩ ከመጠቅለያው እስከ እጁ ካልደረሰ ሸማ እንደማይሠራ ያውቃል። የኛም መረብ ጫፉ ከሕዝቡ እጅ ሊደርስ ይገባል። አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውኃ ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ እንደ መሆኗ ይህ ሥራ ከርሷ ቢጀመር የሚያስደንቅ አይሆንም። በስሌታችን ወይም በአስተያየታችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስታችን ነው ፤ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኘ ካለ ደግሞ ከኛ አስቀድሞ ለርሳቸው ይንገራቸው።