ታሪክ በአንድ ደብተር፣ ካርታ በሌላ ደብተር

የአሜሪካን የሚድል ስኩል መማሪያ መጽሐፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ፣ እዚያ ያለ ዘመድ ቤት ጎራ ስትሉ ልጆቹን እስቲ አሳዩኝ በሏቸው። ወፍራም ነው፤ ወረቀቱ ያንጸባርቃል፤ በየገጹ ሥዕል፣ ሰንጠረዥ፣ በቀለም ሣጥን የተከበበ «ልብ በል» ሞልቶታል። አንድ መጽሐፍ ለአምስት እየተሻማን ለተማርን ሰዎች መቼም ያስጎመጃል። እኔም ጎመጀሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፤ ከሥዕሉ በፊት ግሡን ያያል። ማን አደረገ? በማን ላይ ተደረገ? የት?

በዚህ ዓይን ብናየው የሚጠቅም አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩ የነሱ ነውና።) በ2015 ቴክሳስ ውስጥ፣ ማክግሮው ሂል የተባለው አሳታሚ ባወጣው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ከአንድ ካርታ ጎን የሰፈረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አገር አነጋገረች። የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ «ሠራተኞችን» ከአፍሪካ ወደ ደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ እርሻዎች አመጣ ትላለች። መጽሐፉ የዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከሚድል ስኩል አንድ እርምጃ ወጣ ይላል፣ የአጻጻፉ ጠባይ ግን ያው ነው። አንድ ተማሪ ገጹን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ላከ፣ እናት ለሕዝብ አሳየች፣ አሳታሚው ስህተቱን አምኖ አረመ።

ጩኸቱ ሁሉ «ሠራተኞች» በምትለው ቃል ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ደመወዝ የሌለው፣ ሄዶ መቅረት የማይችል፣ ልጁ የሚሸጥበት ሰው ሠራተኛ አይባልም። ግሡም ቢሆን ያው ነው። «ንግዱ አመጣ» ይላል። ንግድ እጅ የለውም፤ ሰንሰለት አይቆልፍም። መርከቡን የጫነው፣ ገንዘቡን የቆጠረው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «በሚሊዮን የሚቆጠሩ… ወደ ደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ በሕይወት ውቅያኖሱን ተሻግረው ከወረዱት ከአሥር ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን መካከል ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደምንለው ምድር በቀጥታ የገቡት 400,000 ገደማ ናቸው። ሌላው ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ነው የተወሰደው። እንግዲህ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ወደቀ፤ የወደቀውም በጂኦግራፊ ነው!

ታዲያ ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። 400,000 የሚለውን የሰማ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ባሪያ ከውጭ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። በ1790 ቆጠራ 700,000 ያህል የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ከየት መጡ? እዚያው ተወለዱ። እሺ፣ የት ተወለዱ? ወዴትስ ተወሰዱ? ይኸው፣ ታሪኩ ካርታ ጠየቀ።

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ያለችውን አሌክሳንድሪያን የማያውቅ የኛ ሰው የለም። ስንቱ ዘመዳችን እዚያ ይኖራል፣ ልጆቹንም እዚያ ያስተምራል። አሌክሳንድሪያ የትምባሆ ወደብ ነበረች። ትምባሆ ደግሞ መሬት ይጨርሳል። የቨርጂኒያ አፈር ሲደክም ባለርስቶቹ ወደ ስንዴ ዞሩ፤ ስንዴ ያን ያህል እጅ አይፈልግም። በዚያው ዘመን በስተደቡብ፣ በ1793 ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ከሠራ ወዲህ፣ ጥጥ ወርቅ ሆኖ ነበር። እዚህ «ትርፍ» የተባለ ሰው፣ እዚያ የሰው ረሀብ። በ1828 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ቤት ያዙና ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ሰው እየገዙ፣ ከፊሉን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ከፊሉን እግር ለእግር አሥረው በየብስ ወደ ናቼዝ ይነዱት ጀመር። በጠቅላላው በዚህ የአገር ውስጥ ንግድና በጌቶች ስደት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ ተወስዷል። ውቅያኖስ አቋርጠው ወደዚህ ምድር ከመጡት በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን መጽሐፉን ግለጡት። የጥጥ መዳመጫው ከነሥዕሉ አለ፣ «ፈጠራዎች» በሚል ርዕስ ሥር። ባርነት ሌላ ምዕራፍ ነው። የደቡብ አፈርና የአየር ጠባይ ደግሞ በመግቢያው፣ ልጁ በመስከረም አጥንቶ በጥቅምት በረሳው ገጽ ላይ ነው። ሦስቱ አይተዋወቁም። አንድ ቤተሰብ በሦስት ክፍለ ሀገር እንደተበተነ ቁጠሩት።

አላባማና ሚሲሲፒ ውስጥ እንደ ጨረቃ የጎበጠ «ጥቁር ቀበቶ» የሚባል ምድር አለ። ስሙን መጀመሪያ ያገኘው ከአፈሩ ነው። የኛ ገበሬ መረሬ የሚለው ዓይነት፣ ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በብዛት አለበት። ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ የጥንት ባሕር የተወው ኖራ ነው ከሥሩ ያለው። ጥጡ አፈሩን ተከተለ፤ ባሪያው ጥጡን ተከትሎ ተነዳ፤ ነፃ ሲወጣም መሬት የሚሰጠው ስላልነበረ ብዙው እዚያው በእኩል አራሽነት ቀረ። ሰልማ በዚህ ቀበቶ ላይ ናት። በመጋቢት 1965 ሰልፈኞቹ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ 54 ማይል ሲጓዙ ያቋረጡት የላውንደስ አውራጃ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ነው፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን ለመምረጥ የተመዘገበ ጥቁር አንድም አልነበረበትም። ልጆቹ የሰልማን ድልድይ ፎቶ ያውቁታል። ድልድዩ ለምን እዚያ እንደሆነ የሚነግራቸው አፈሩ ነው፤ አፈሩ ደግሞ ሌላ ደብተር ላይ ነው የተጻፈው።

ጥፋቱ የመምህራኑ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ እስከ 1865 ይሄዳል። ከጄምስታውን፣ ከ1607 ብንነሳ እንኳ 258 ዓመት ነው፤ የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ገደማ። አንድ ቀን የቀረ ልጅ አንድ ዓመት ተኩል ታሪክ አመለጠው! በጥር 2002 የተፈረመው «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሂሳብ ይፈተን ሲል ታሪክንና ጂኦግራፊን አልጠራቸውም። በ2015 በሌላ ሕግ ቢተካም ይኸው አልተለወጠም። የማይፈተን ትምህርት ምን እንደሚደርስበት ለኛ አገር አስተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2022 በተሰጠው አገር አቀፍ ምዘና በአሜሪካ ታሪክ «ብቁ» የተባሉት የስምንተኛ ክፍል ልጆች 13 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 40 በመቶው ከመሠረታዊው ደረጃ በታች ወደቁ። ጂኦግራፊማ በ2018 ከተመዘነ በኋላ ከምዘናው መርሐ ግብር ወጣ። መለኪያውን መስበርም አንድ ዘዴ ነው።

ፖለቲከኞቹ በበኩላቸው የሚጣሉት በቅጽል ነው። በ2020 አንድ ታላቅ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የካሊፎርኒያንና የቴክሳስን የታሪክ መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር፣ የአንድ አሳታሚ አንድ መጽሐፍ በሁለቱ ግዛቶች ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በ2023 ፍሎሪዳ ለሚድል ስኩል ባወጣችው መመሪያ፣ ባሮች አንዳንድ ጊዜ ለራሳቸው የሚጠቅም ሙያ አዳብረው ነበር የሚል ሐሳብ ገብቶ ዓለም ጮኸ። እኔም ከጩኸቱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ቃሉ ቢታረምና ግሡ ባለቤቱን ቢያገኝ፣ ካርታው ያው ባዶ ከሆነ ልጁ ያገኘው የተሻለ ሸምደዳ ነው።

ሸምደዳን ካነሳን የኛን ወላጆች ማለፍ አልችልም። አሜሪካ ያለች አንዲት የማውቃት እናት፣ ለዜግነት ፈተና መቶውን ጥያቄ የሌሊት ሥራዋ ላይ ሆና በቃሏ ወጣችው። ከ2008 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የቆየው ፈተና አሥር ተጠይቆ ስድስት መመለስ ነበርና፣ ስድስቱን አከታትላ መልሳ ጨረሰች። ከመቶዎቹ አንዱ፣ ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው የሚል ነው። መልሱ አፍሪካውያን። ማን ወሰዳቸው የሚል ጥያቄ የለበትም፤ ወዴትም የሚል የለም። ልጇ በዚያው ሳምንት የሶሻል ስተዲስ ወረቀት ይዞ መጥቶ «እማ፣ እርጂኝ» ቢላት፣ «ተወው ማሙሽ፣ ሂሳብህን ያዝ። እሱ የነሱ ታሪክ ነው» አለችው።

ይህን አባባል በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። ከንቀት የመጣ አይደለም፤ ልጅ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ይሁንልኝ ከሚል ጭንቀት ነው። «የነሱ» የሚለው ግን አያስኬድም። ከሰልማው ሰልፍ በኋላ በነሐሴ 1965 የምርጫ መብት ሕግ ተፈረመ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 3፣ ያው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ስደተኛን በትውልድ አገሩ ኮታ የሚመዝነውን አሠራር የሻረውን ሕግ ፈረሙ። ከደርግ የሸሸውን ወገናችንን የተቀበለው የ1980 የስደተኞች ሕግ፣ ዲቪ የሚባለውን ዕጣ ያመጣው የ1990 ሕግ፣ ያ በር ከተከፈተ በኋላ የመጡ ናቸው። ማሙሽ አሌክሳንድሪያ ያለው በዚያ ሰልፍ ምክንያትም ጭምር ነው። ይህን የሚነግረው ገጽ በወፍራሙ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

የዱክ ስትሪቱ ቤት እስካሁን ቆሟል። ከተማው በ2020 ገዝቶት ዛሬ ሙዚየም ነው። ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በእግር ያስኬዳል። ስንት የኛ ታክሲ ነጂ በደጁ በቀን ስንቴ እንደሚያልፍ እንጃ፤ ቅዳሜ ጧት ሂሳቡ እስኪደርስ ማሙሽን ይዞ አንዴ ጎራ ቢል፣ ከበሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ ወዴት ነው የወሰዷቸው?» ብሎ ቢጠይቀው ይበቃል።