ውዳሴ ሐዋሳ

ሐዋሳ ሆይ፣ የታቦር ተራራ ዘብ የቆመልሽ፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ለሐይቅሽ የሚገብርልሽ፣ በየትኛው ቃል ላወድስሽ? ጎንደር በግንቧ፣ አክሱም በሐውልቷ፣ ላሊበላ በውቅር መቅደሷ ይከበራሉ። አንቺ መቶ ዓመት ያልሞላሽ ጉብል ነሽ፤ ያቀፍሽው በዓል ግን ባለ ሽበት ነው። ስለዚህ ውዳሴዬ ካቆምሽው ይልቅ ስላልቆረጥሽው፣ ከሠዋሽው ይልቅ ስለማርሽው ይሁን።

ፍቼ ጫምባላላ ሆይ፣ የሲዳማ ዘመን መባቻ፣ ሰላም ላንተ ይሁን! ቀንህን የሚቆርጥ የግድግዳ ሰሌዳ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች ሌሊቱን ወደ ሰማይ አንጋጠው የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ይመረምራሉ፣ ብሥራቱም ከጎሳ ወደ ጎሳ ይደርሳል። በዋዜማው ሕዝብህ ሁሉቃ በሚባለው መተላለፊያ ሥር አልፎ ካሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ ይሻገራል። ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የተሰናዳው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው ገበታ ሞልቶ ይቀርባል፤ ልጆች ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ መልካም ምኞት ይናገራሉ፣ ጎረቤትም ያጎርሳቸዋል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ በየዓመቱ ወላጆቿን ልትጠይቅ ቡርሳሜ ይዛ የምትመጣ አንዲት ያገባች ሴት ነበረች፤ ስጦታዋን ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር። ታላላቅ በዓላት በድል አድራጊ ሰይፍ ሲጀመሩ ሰምተናል። ይህኛው የተጀመረው ወላጆቿ በናፈቋት ሴት ስንቅ ነው፤ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ይህ ነው፦ በጫምባላላ ቀን ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም። የድግስ ትልቅነት በወደቀው ሰንጋ ብዛት በሚለካበት አገር፣ ሰንጋው ራሱ የክብር እንግዳ ሆኖ ተከልሎ በቆየለት ለምለም መስክ ይሰማራል! የጎሳ መሪዎችም ተነሥተው ወጣቱን ይመክራሉ፦ ሥራን ውደዱ፣ ታላላቆችን አክብሩ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አገር በቀሉን ዛፍ አትቁረጡ። የዛፍን ነገር ከሐሰት ምስክርነት ጋር በአንድ ጉባኤ የሚያነሣ ሽማግሌ ምንኛ የተባረከ ነው! ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ይህን በዓል በማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ ሲዳማ አስቀድሞ በልቡ የጻፈውን በወረቀት አጸና።

ጉዱማሌ ሆይ፣ ጣሪያሽ ሰማይ፣ መጋረጃሽ የሐይቅ ነፋስ የሆነ አደባባይ! በአንቺ ላይ የቄጣላው ጭፈራ ሲነሣ መሬቱ ከእግር ጋር ይመክራል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሺህ ይቀበላል፣ አባት ከልጁ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይዘላል። እዚህ ተመልካች የሚባል የለም። ቲያትር ቤት በመቀመጫው ቁጥር ይኩራ፤ አንቺ ማንንም ስለማታስቀምጪ ኩሪ።

የሐይቁን ዳር አሞራ ገደልንስ እንዴት ልለፈው? የሾላው ቅርንጫፍ ዙፋኑ የሆነው ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ቁልቁል ይመለከታል። በታች አባ ኮዳ፣ ያ መላጣ የወፍ ባላባት፣ እንደ ሸንጎ ዳኛ ተገትሮ ከዓሣ አጥማጁ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ጀልባው ሲጠጋ ግን ግርማው ሁሉ ለአንድ የዓሣ ጭንቅላት ይሸጣል። ቆሮሶ ዓሣው ይጠበሳል፣ ሾርባው ይንተከተካል፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ይቀርባል። እንግዳ ሆይ፣ ዳጣውን በትሕትና ቅረበው!

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የቅዱስ ገብርኤል ምእመናን ነጭ ለብሰው ጎዳናሽን ይሞሉታል። የሩቅ አገር ተሳላሚ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲመለስ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ከዛፍሽም ጥላ ሥር ያርፋል፤ ሽማግሌዎቹ የማሩለት ዛፍ ነውና።

አንድ ነገር ግን፣ በውዳሴ መካከል ይፈቀድልኝ። ሐይቅሽ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የሚጥሉበትን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይቀራል። ዛፉን የማረው ምክር ከዳርቻው ወርዶ ውሃውንም ይማር፣ ፕላስቲኩን የሚጥል እጅ በሸንጎ ፊት ይፈር። ከዚያ በኋላ ማን ያህልሻል? ሐዋሳ ሆይ፣ ከብትሽ ይሰማራ፣ ሾላሽ ይስፋ፣ ቄጣላሽ ይነሣ፤ በበዓልሽም ሰላምታ፦ አይዴ ጫምባላላ!