በፊደል ገበታው ላይ ያልነበሩት

በ1971 ዓ.ም. ደርግ የጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያወድስ ሰው ዛሬም አይታጣም። እኔም አንዱ ነኝ። ስንቱ እናትና አባት የጣት አሻራውን ትቶ ስሙን መጻፍ የቻለው ያን ጊዜ ነው። የዩኔስኮ ሽልማትም በከንቱ አልተገኘም። ዳሩ ግን ከሀሁ ጎን የገበሬ ማኅበሩ፣ የኅብረት እርሻውና የአብዮቱ ቃል ተሰልፎ ነበር። ማንበብ የለመደው ገበሬ መጀመሪያ እንዲያነብ የተደረገው የአለቃውን ቃል ነው።

ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። እስቲ ዝርዝሩን ይዘን ወደ መተከል፣ ወደ ድባጤ እንውረድ። ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ ኦሮሞና አማራ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። ከ15ቱ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ አሉ። የጉሙዝ ቋንቋ የለም፤ የሺናሻም የለም፤ አገውኛም የለም።

በቀድሞ መጻሕፍትማ ጉሙዝ ተጽፏል፤ የተጻፈበት ስም ግን የባርነት ስም ነው፤ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ቆላ ሰው እየታደነ መሸጡን ትምህርት ቤት አልነገረንም። የነገሥታቱን ተራ ግን በቃላችን አጥንተናል።

ይህ ዝምታ ለደርግ ጠቀመው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ 80 ሺህ ያህል ሰዎችን በፓዌ፣ በበለስ ሸለቆ ሲያሰፍር፣ ቦታው ድንግል መሬት ነው ተባለ። የጉሙዝ ገበሬ መሬቱን እያሳረፈ፣ ቦታ እየለወጠ የሚያርስ ነው። ያረፈው መሬት ባዶ ተብሎ ተመዘገበ። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሌለን ሕዝብ ከካርታ ላይ መፋቅ ምን ያዳግታል?

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ እንጂ አልተለወጠም ብል የሚቆጣኝ አይጠፋም። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል፤ የሌሎቹ መኖር ይታወቅላቸዋል። ስሙን የተነፈገ ሕዝብ ስሙ ሲመለስለት፣ ልጁም በአፍ መፍቻው ሲማር ማን ይጠላል? «ባለቤት» ግን የርስት ቃል ናት። ድባጤ ተወልዶ እዚያው ያረጀው አገው በዚህች ቃል ምን ሆነ? ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ገዳዮቹ ሕጉን አንብበው ነው የመጡት አልልም። «መጤ» ማለትን ግን ከአንድ ቦታ ተምረውታል።

ሌላ ታሪክ አለ። ጸጋ እንዳለው በመተከል ስላለው የ«ሚቹ» ሥርዓት ጽፈዋል፤ ኦሮሞና ጉሙዝ፣ ቋንቋና እምነት ሳያግዳቸው፣ በወዳጅነት የሚተሳሰሩበት ነው። የመተከልን ሕዝቦች ግንኙነት ከ1898 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የመረመሩበት መጽሐፋቸውም ጠቡን አይደብቅም፤ ዝምድናውንም አይረሳም። ለድባጤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ አንድ ምዕራፍ ቢተረጎምለት ምን ነበረበት? እስካሁን መጽሐፉ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም ጀርመን አገር።