ስለ አደጋ ለሕፃናት መጻፍ

ለሕፃናት የተጻፈ ሁሉ ሕፃናትን ይጠቅማል ማለት አይደለም። ስለ ውቅያኖስ ማዕበል በሰፊው ተርኮ ስለ አገር ቤቱ አደጋ ዝም የሚል መጽሐፍ፥ ሥዕሉ ቢያምርም ጎዶሎ ነው እንላለን። በአርሲ፥ በሲሬ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚያሠጋው መብረቅና የክረምት ደራሽ ውኃ ነው። በነጐድጓድ ጊዜ ከዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑን ካልነገረው፥ የጣፈጠው ቃል ምን ይረባዋል?

ማስፈራራትም ማስተማር አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም መካከል የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ይህን ለልጆች የሚተርክ ደራሲ በልቅሶው ብቻ ቢያቆም ሥራውን አልፈጸመም። አፈር ውኃ በጠገበ ጊዜ እንደሚከብድና መያያዙ እንደሚላላ፥ አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለትም ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል ማስረዳት ይገባዋል። የወገን ፍቅር ከዕውቀት ጋር ሲተባበር የሚያድነው ሰው ይበዛልና።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ሲመርጡ፥ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቅ እንደ ሆነ አስቀድመው ይመርምሩ።